አንድ ላይ አትምቱ፦ የሬጌ ቤዝ ምት ለጀማሪ

ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር ሲጫወት ያደገ ሰው አንድ አመል አለበት። ምት ሲቆጠር "አንድ" ሲባል ይመታል። ሳይመታ ካለፈ ዕዳ ያስቀረ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ደሴ ውስጥ ከባንድ ጋር ስጀምር የማውቀው ችክችካ ብቻ ነበር። እግር አንድ ላይ ያርፋል፣ ቤዝ አንድ ላይ ይመታል፣ ሚዜዎቹም አንድ ላይ ይዘላሉ።

አንድ ምሽት እራት ሊቀርብ ሲል ዘፋኛችን ሬጌ አዘዘ። ኮርዱ ሁለት ብቻ ነው። ቀላል ነው ብዬ ገባሁበት። ድራመሩ በዱላው ጫፍ ወደ እኔ እየጠቆመ ራሱን ይነቀንቃል። "ጎበዝ" እያለኝ መስሎኝ ጭራሽ አጠነከርኩት። ሲያልቅ ጠጋ አለና፣ "ወንድምዓለም፣ እኔ ባዶ የተውኩትን ቦታ ሁሉ አንተ ሞላህብኝ" አለኝ።

ሬጌ ቤዝ ማለት በቃ እሱ ነው። ከሚመታው በፊት የማይመታውን ማወቅ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ያህል ስሳሳት ከርሜ የገባኝን ነገር እናንተ በሁለት ሦስት ወር ትደርሱበታላችሁ። አብሽሩ፣ ጣት ብዙ አይጠይቅም። ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ምን ያስፈልጋል

ባለ አራት ክር ቤዝ በቂ ነው። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ያገለገለ ብትገዙ ምንም አይደለም፣ አንገቱን ግን እዩ። ቤዙን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ከራሱ በኩል በአንድ ዓይን ተመልከቱት። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንደ ቀስት የጎበጠ ነበር። ሻጩ "ሲለመድ ይቃናል" አለኝ። ሦስት ዓመት ለመድኩት፣ አልተቃናም።

አምፕ ከሌላችሁ፣ ወይም እንደኛ ሰፈር መብራት መጣ ሄደ ከሆነ፣ አትቸገሩ። ማጥበቂያዎቹ ያሉበትን የቤዙን ራስ ቁም ሳጥን ላይ አስደግፉና አንድ ክር ምቱ። ቁም ሳጥኑ ራሱ አምፕ ይሆናል። እኔ የተማርኩት በእናቴ ቁም ሳጥን ነው። በሩ ትንሽ ይንጫጫል፣ ወረቀት እጠፉና ወትፉበት።

ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም፣ ማለትም "ጠቅ ጠቅ" እያለ ምት የሚጠብቅ መተግበሪያ፣ ጫኑ። በነጻ የሚወርድ ሞልቷል። ሬጌ ስትሰሙ ግን በስልኩ ስፒከር እንዳታደርጉት። ክፍቱ ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። ያቺ ትንሽ ስፒከር ያን ድምፅ አታወጣውም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ካልሆነ ደግሞ ጥሩ ቴፕ ያለው ባጃጅ ፈልጋችሁ ተሳፈሩ። ቀልድ አይደለም። ባጃጅ በር ላይ ሲያልፍ ግድግዳውን ዘልቆ የሚገባው ቤዙ ብቻ ነው። ዘፈኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ መስመሩን ብቻ በግድግዳ በኩል ያጠናሁት ሬጌ አለ።

ቅኝት ደጋግማችሁ ፈትሹ። ደሴ ብርድ ላይ የቃኛችሁትን ቤዝ ይዛችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ሙቀት ክር ያላላል።

መጀመሪያ ቤዙን አስቀምጡት

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ቤዝ ነው። ይሄን ስል ተማሪዎቼ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ግን ሰውነት ያልያዘውን ምት ጣት አይይዘውም።

ሜትሮኖሙን 70 ላይ አድርጉ፣ በደቂቃ 70 ጠቅታ ማለት ነው። "ጠቅ" ሲል "አንድ" በሉ። ከዚያ በጠቅታዎቹ መሃል "ሁለት" በሉ። ሲደግም "ሦስት"፣ በመሃል "አራት"። ጠቅታው አንድና ሦስት ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ሁለትና አራት ላይ አጨብጭቡ። እሱ የጊታሩ ቦታ ነው። ሬጌ ውስጥ ጊታሩ አጠር አድርጎ "ጭክ" የሚለው እዚያ ላይ ነው። አንድ፣ ጭክ፣ ሦስት፣ ጭክ። ይህ ሲቀላችሁ እግራችሁን ጨምሩ። እግር የሚወርደው ሦስት ላይ ብቻ ነው። አንድ ላይ እግር አየር ላይ ነው።

አሁን ያደረጋችሁት ዋን ድሮፕ የሚባለውን የድራም ምት ነው። ድራመሩ በእግር የሚመታውን ኪክና በዱላ የሚመታውን ስኔር አጣምሮ ሦስት ላይ ያሳርፋል። አንድ ላይ ኪክ የለም። ምቱን ዓለም እንዲያውቀው ካደረጉት ሰዎች ዋናው የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ ድራመር ካርልተን ባሬት ነው። በዚያው ባንድ ቤዙን የሚጫወተው ታላቅ ወንድሙ አስተን ባሬት ነበር፣ "ፋሚሊ ማን" የሚሉት። ድራምና ቤዝ ከአንድ እናት ሲወለዱ እንዲህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ሌላ ሰው "ድራሙ የሚያርፈው ሁለትና አራት ላይ ነው" ቢላችሁ አትጣሉ። እሱ የሚቆጥረው በግማሽ ፍጥነት ነው። ለሱ ጊታሩ በሁለት ቁጥሮች መሃል በምትባለው "ና" ላይ ይገባል፣ ድራሙ ሁለትና አራት ላይ ይወድቃል። ሙዚቃው ያው ነው፣ ቆጠራው ነው የተለያየው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ድራሙን ሦስት ላይ እናደርገዋለን።

አንድን ባዶ መተው ለምን ያስቸግራል? ባዶ ሲባል ምንም የሌለ ስለሚመስለን ነው። እኔ የገባኝ እናቴ ቡና ስትወቅጥ ነው። ዘነዘናው ሲነሳ ድምፅ የለውም፣ ሲወድቅ "ድም" ይላል። አየር ላይ ያለበት ጊዜ ግን ባዶ አይደለም። ክብደቱን የሚሰበስበው እዚያ ነው። ሲነሳ "አንድ"፣ ሲወድቅ "ሦስት" እያልኩ ዓይኔን ሙቀጫው ላይ ተክዬ ስቆጥር፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ትቆጥርብኛለህ? በረከቱን ልታነሳው ነው?" አለችኝ። መቁጠሩን በሆዴ አደረግኩት። እናንተም ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ ልትሠሩበት ትችላላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ።

ችክችካችሁን አትጣሉት

ቅድም ችክችካን እንደ በሽታ አወራሁበት። አሁን ልካሰው። የኛ ችክችካ ስድስት ጠብታ አለው። ሦስት ሦስት ሆኖ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ብዙ ሬጌ ውስጥም እያንዳንዱ ምት በውስጡ ሦስት ጠብታ አለው። "አንድ-ና ሁለት-ና" ስንል "ና" የምትመጣው መሃል ላይ ሳይሆን ትንሽ ዘግይታ ሦስተኛው ጠብታ ላይ ነው። "አንድ-እ-ና፣ ሁለት-እ-ና" እያላችሁ ሞክሩት። ሃይ-ሃቱ፣ ማለትም የድራሙ ጥንድ ጸናጽል፣ እንደ በቅሎ እርምጃ ሲያነክስ የምትሰሙት እሱን ነው።

ይህን ውዝዋዜ ውጭ አገር ያለ ጀማሪ ወር ሙሉ ይፈልገዋል። እኛ ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ነው የያዝነው። የሚቀይረው ነገር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ሁሉም ሬጌ ግን አያነክስም፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድም አለ። መጀመሪያ ሃይ-ሃቱን ስሙ፣ "ና"ችሁን እንደሱ አድርጉ።

ድምፁን ማደንዘዝ

አሁን ቤዙን አንሱ። የቶን ማዞሪያውን ወደ ታች ዝጉት፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ ከግማሽ በታች። የቀኝ እጃችሁን ወደ አንገቱ መጨረሻ አስጠጉት። ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጁ አካባቢ ከተመታ ድምፁ ይሾላል፣ አንገቱ አካባቢ ይወፍራል። በጣት ሥጋ ምቱ እንጂ በጥፍር አይደለም። አንዳንዱ በአውራ ጣት ብቻ ይጫወታል፣ መዳፉን ክሩ ላይ አሳርፎ። ያም ያምራል።

ክሩ ብዙ የሚጮህባችሁ ከሆነ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ብሪጁ ጋ ከክሮቹ ሥር ስኩ። ድምፁ ወዲያው "ዱም" ብሎ ይቆማል። ስፖንጁ አዲስ ይሁን። ዘይት የነካው ስፖንጅ ክር ያበላሻል፣ ቤቱንም ወጥ ወጥ ያሸታል።

ግራ እጅ ላይ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ልምዱ። ድምፁን የምታቆሙበትን ሰዓት እናንተ ወስኑ። ጣታችሁን ከክሩ ላይ አታንሱ፣ መጫኑን ብቻ ተዉት። ክሩ ጣታችሁን እንደነካ ዝም ይላል። ጀማሪ መቼ እንደሚመታ ያስባል፣ መቼ እንደሚያቆም ግን አያስብም። ቀሽም ሬጌ ቤዝ የሚታወቀው በዚህ ነው። የተመታው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን አንዱ ድምፅ ሌላው ላይ እየተንጠለጠለ ጭቃ ይሆናል።

ምት አንድ፦ ሦስት ብቻ

ኢ ክር፣ 5ኛ ፍሬት። ፍሬት የምላችሁ አንገቱ ላይ የተጋደሙትን የብረት መስመሮች ነው፣ ከራሱ በኩል ይቆጠራሉ። ይህ ኤ ነው። ሜትሮኖሙ እንደ ቅድሙ 70 ላይ ይሁን።

አንድ — ዝም
ሁለት — ዝም
ሦስት — ዱም
አራት — ቁረጡት

"ቁረጡት" ያልኩት አራት ሲል ድምፁ እዚያው ላይ ያልቃል ለማለት ነው። ጊታሩ "ጭክ" ሲል እናንተ ትጠፋላችሁ። ቤዙ የሚወጣበት በር ጊታሩ የሚገባበት ነው። አምስት ደቂቃ ሳታቋርጡ ሂዱ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለቻችኋል። አራተኛው ላይ ራሳችሁ ሳታዝዙት መነቅነቅ ይጀምራል። ካልጀመረ ነገ ድገሙት።

ምት ሁለት፦ የሚንደረደረው

ይህን ብቻ ይዞ አንድ ሙሉ ምሽት የሚጫወት ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አንድ — ዝም
ሁለት — ክፍት ኢ
ና — ጂ፣ ኢ ክር 3ኛ ፍሬት
ሦስት — ኤ፣ ኢ ክር 5ኛ ፍሬት
አራት — ቁረጡት

በአፍ ሲባል "... ዱ-ዱ-ዱም"። ሁለቱ "ዱ" አጭር ናቸው፣ "ዱም" ትረዝማለች። መጀመሪያ በአፋችሁ በሉት። በአፍ ያልወጣ ምት በክር አይወጣም። ሁለቱ ትንንሾች ወደ ሦስት የሚንደረደሩ ናቸው። ከደረጃ የሚወርድ ሰው የመጨረሻዋን ደረጃ ረገጥ እንደሚያደርገው፣ ሦስትን ረገጥ አድርጉት። ግን አትሩጡ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ከባዶ ቦታ ስለሚነሳ የዘገየ ይመስለዋል፣ ለመድረስ ይቸኩላል። ራሳችሁን በስልክ ቅዱና ስሙት። እኔ ቀድቼ ስሰማው ከሜትሮኖሙ ጋር የምሽቀዳደም ይመስል ነበር።

ሲቀላችሁ ኮርድ ቀይሩ። ከኤ ማይነር ወደ ዲ ማይነር። ደስ የሚለው ነገር እጃችሁ ምንም አዲስ ነገር አይማርም። ያንኑ ቅርጽ ወደ ቀጣዩ ክር ታወርዱታላችሁ። ክፍት ኤ፣ ከዚያ ኤ ክር 3ኛ ፍሬት፣ ከዚያ ኤ ክር 5ኛ ፍሬት። ኤ፣ ሲ፣ ዲ። አራት ጊዜ ኢ ክር ላይ፣ አራት ጊዜ ኤ ክር ላይ ተጫወቱት። ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ ሁለቱን ኮርዶች ሁለትና አራት ላይ "ጭክ ጭክ" ያድርግላችሁ። በቃ፣ ሬጌ እየተጫወታችሁ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። በመጀመሪያው ክር ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነካችሁ። በሁለተኛው ኤ፣ ሲ፣ ዲ። አንድ ላይ ስታደርጓቸው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናሉ። አምስት ድምፅ። ከኤ ተነስታችሁ በቅደም ተከተል ተጫወቷቸው። አወቃችሁት? ባቲ ማይነር ነው። የሰኞ ገበያዋ ባቲ። ቅኝቱን በስሟ እየጠራን ያደግንባት አገር ከሬጌ ቤዝ ጋር በአንድ መዳፍ ውስጥ ገጠመች። ይህን ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ መስመር መፍጠር ስትፈልጉ ከእነዚህ አምስት አትውጡ። ትዝታ ማይነርም ይሄዳል። ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። አምባሰል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ኮርዱ ማይነር ይሁን ሜጀር የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ የለውም። ቢ ፍላቷም ከጊታሩ ኮርድ ጋር ትፋጫለች። እንደ ማለፊያ ብትነኳት ታምራለች፣ ሦስት ላይ ብታሳርፏት ጊታሪስቱ ዞሮ ያያችኋል። አንቺሆዬን ለጊዜው ለመሰንቆ ተዉለት።

ምት ሦስት፦ ጥያቄና መልስ

እስካሁን አንድ ላይ አትምቱ ስል ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ርዕሱ ትንሽ ተጋኗል። አንድን የሚዘለው ድራሙ ነው። ቤዙ ከፈለገ አንድ ላይ ይመታል፣ አንድ ላይ የሚጀምሩ የታወቁ የሬጌ ቤዝ መስመሮችም አሉ። ልዩነቱ አስቦበት መምታቱ ነው። መጀመሪያ መተው የቻለ ሰው ሲመታው ያምርበታል።

ይህኛው በሁለት ዙር የሚያልቅ ነው። የመጀመሪያው ዙር ይጠይቃል፦

አንድ — ኤ፣ ኢ ክር 5ኛ ፍሬት፣ እስከ ሁለት ይቆይ
ሁለት — ቁረጡት
ና — ያው ኤ፣ አጭር
ሦስት — ሲ፣ ኤ ክር 3ኛ ፍሬት
አራት — ዲ፣ ኤ ክር 5ኛ ፍሬት

ሁለተኛው ይመልሳል፦

አንድ — ዝም
ሁለት — ዲ
ና — ሲ
ሦስት — ኤ፣ ኢ ክር 5ኛ ፍሬት
አራት — ቁረጡት

የመልሱን ምት አያችሁት? ምት ሁለት ነው። "ዱ-ዱ-ዱም"። አቅጣጫው ብቻ ነው የዞረው፣ ወደ ላይ ይንደረደር የነበረው አሁን ወደ ቤቱ ይወርዳል።

በሁለቱ ዙሮች መሃል ያለችውን ዝም ያለች "አንድ" አደራ። ጥያቄው ዲ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰሚው መልሱን ይጠብቃል፣ እናንተ ትንሽ ታስጠብቁታላችሁ። እኛ አገር መንዙማ ሲባል መሪው ብሎ ብሎ ለተቀባዮቹ ይለቅላቸዋል። ሳይለቅ ቢቀጥል ማን ይቀበለዋል? ድቤው ራሱ ያን ትንፋሽ ያውቀዋል። እናንተም መሪና ተቀባይ ሁናችሁ ለራሳችሁ ልቀቁ።

ጣት የሚሳሳተው "ና" ላይ ያለችው ኤ ላይ ነው። ዝላይ ትመስላለች። እሷን ለጊዜው አውጥታችሁ ያለሷ አንድ ቀን ተጫወቱ፣ በማግስቱ መልሷት።

ሮከርስና ስቴፐርስ

ዋን ድሮፕን ከያዛችሁ እነዚህ ሁለት የድራም ምቶች ብዙ አያስቸግሩም። ሮከርስ ላይ ኪኩ አንድ ላይም ይመጣል፣ ሦስትም እንደ ወትሮው ክብደት አለው። በ1970ዎቹ ውስጥ (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ ድራመሩ ስላይ ደንባርና ቤዝ ተጫዋቹ ሮቢ ሼክስፒር ስማቸውን የተከሉበት አጨዋወት ነው። ስቴፐርስ ላይ ደግሞ ኪኩ አራቱም ላይ ይረግጣል፣ ዱም ዱም ዱም ዱም፣ ሰልፍ ይመስላል።

ሁለቱም ላይ ምት ሁለትን አንድ ፊደል ሳትቀይሩ ተጫወቱት። እንዴት መልኩ እንደሚለወጥ ታያላችሁ። ጀማሪ ስቴፐርስ ሲሰማ ደሙ ይሞቅና ከኪኩ ጋር አራቱንም መምታት ያምረዋል። ድራሙ ሲበዛ እናንተ ቀንሱ።

ጠቅታውን አዙሩት

ይህ ከሁሉም ልምምድ የጠቀመኝ ነው፣ ከሁሉም በላይ ያናደደኝም። ሜትሮኖሙ ያው 70 ላይ ይሁን። አሁን ግን ጠቅታውን አንድና ሦስት አትበሉት። ሁለትና አራት ነው በሉት። ጠቅታው ጊታሩ ሆነ ማለት ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ጠቅ ሲል "ሁለት" በሉ፣ ከዚያ በመሃል "ሦስት"፣ ጠቅ ሲል "አራት"፣ በመሃል "አንድ"። ሁለት ደቂቃ በአፍ ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ ምት አንድን ግቡበት። የናንተ "ዱም" ከጠቅታው ጋር አይገናኝም፣ ሁለት ጠቅታዎች መሃል ይወድቃል። ሳታውቁት ጠቅታው ተገልብጦ መልሶ ሦስት ይሆንባችኋል። ቁሙ፣ እንደገና ጀምሩ። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የሐምሌ ብርድ ላይ ነበር፣ ጣቴን በቡና ስኒ እያሞቅኩ። አንድ ቀን ከጦሳ ተራራ በኩል ዝናቡ ሲወርድ ቆርቆሮው ጠቅታውን ዋጠው። መብራቱም ጠፋ። እኔ ቀጠልኩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጠቅታው ልክ እኔ ባሰብኩበት ቦታ ላይ ነበር። ያን ቀን ተያዘ።

ማንን መስማት

አስተን ባሬትን ጀምሩበት። በ2024 ነው ያረፈው። መስመሮቹ በአፍ የሚዘፈኑ ናቸው፣ ግጥም የሌላቸው ዘፈኖች በሏቸው። በ2021 ያረፈው ሮቢ ሼክስፒር ጠንከር ይላል፣ ድምፁን እንዴት እንደሚቆርጥ ስሙት። ከእነሱ በፊት ሬጌ ሊሆን ዳር ዳር ሲል፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ሮክስቴዲ የሚባለው አለ። ቤዙ ዘና ብሎ መሃል መሃሉን ባዶ መተው የጀመረው እዚያ ነው። ሌሮይ ሲብልስን ፈልጉ። ራሱ ዘፋኝ ነው፣ ቤዝም ይጫወታል። ቤዝ ሲጫወትም እየዘፈነ ነው የሚመስለው።

ሬጌና ኢትዮጵያ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ሻሸመኔ ይሮጣል። እኔ ግን ዳሎል የሚባለውን ባንድ እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። የኛ ልጆች ናቸው፣ አሜሪካ ሆነው ሬጌ ይጫወቱ የነበሩ። በ1988 እንደ ፈረንጆቹ ዚጊ ማርሊ ባወጣው አልበም ላይ ያጀቡት እነሱ ናቸው፣ ቤዙ ደግሞ ዘለቀ ገሠሠ ነው። የቦብ ማርሊን ልጅ አበሻ ቤዝ ሲያጅበው ስትሰሙ ቁም ሳጥኑ ላይ የተደገፈው ቤዛችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያችኋል።

ስትሰሙ አንድ ዘፈን ለሳምንት ይበቃል። መጀመሪያ ቤዙን በአፍ። ከዚያ የት እንደሚጠፋ። ክሩን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከባንድ ጋር

ድራመሩ አጠገብ ቁሙ። ሃይ-ሃቱ በኩል። ዓይናችሁን እግሩ ላይ አድርጉ፣ ኪኩን ከመስማታችሁ በፊት ታዩታላችሁ። አምፑ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ጨምሩ፣ ቀጭኑን ቀንሱ። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ወፍራሙንም ትንሽ መልሱት፣ አለበለዚያ የሚጫወተው ቆርቆሮው ይሆናል።

አንድ መስመር ከያዛችሁ አትለውጡት። ሰው እንዳይሰለቸው ብላችሁ አታስጊጡ። የሰለቻችሁ እናንተ ናችሁ፣ ሰው አይደለም። ለውጥ ካማራችሁ ዘፋኙ አዝማቹን ሲጨርስ አራት ዙር ሙሉ በሙሉ ጥፉ። ድራሙና ጊታሩ ብቻ ይቅሩ። ከዚያ "ዱ-ዱ-ዱም" ብላችሁ ስትመለሱ አዳራሹ ድምፅ ያወጣል። መመለሻውን ብቻ እንዳታጡት፣ ቁጠሩ። እኔ አንዴ አምስተኛው ላይ ተመልሻለሁ። እስካሁን ይነሳብኛል።

ሰርግ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሬጌው መቼም አያድርም። እራቱ ሲያልቅ ወደ ችክችካ መመለስ አለ። ፍጥነቱን አትንኩ። የሦስቱን ጠብታ ውዝዋዜ በሰውነታችሁ ያዙት፣ ድራመሩን እዩት፣ እሱ ኪኩን ከሦስት ላይ አንስቶ ወደ አንድ ሲያመጣው አብራችሁ ተሻገሩ። ጠብታው ያው ነው፣ እግሩ ብቻ ነው ቦታ የቀየረው። እዚያ ጋ አንድን እንደፈለጋችሁ ምቱት። ሚዜዎቹ እየጠበቁ ነው።